ደባርቅ ሲደርስ የሚጠፋ መብራት

የአባቴ ፒካፕ የፊት መብራት ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድም ቀን ጠፍቶብን አያውቅም። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ግቢያችን በር ድረስ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብሎ ነው የሚያበራው። ከከተማ ወጥተን ወደ ሰሜን ስናቀና ግን ዳባት ላይ ያመነታል፣ ደባርቅ ሲደርስ ድርግም ይላል። ተመልሰን ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይበራል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሕመማቸው የሚጠፋ ሰዎች አሉ አይደል? እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ጠባይ ከሰውም ከመኪናም አልወድም።

አባቴ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ሊማሊሞን በዝናብም በፀሐይም ሲወርድና ሲወጣ ኖሮ፣ ዓይኑ ደከም ሲል መሪውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ለቀቀልኝ ይባል እንጂ አፉ እስከ ዛሬ መሪው ላይ ነው። «ማርሽ ቀንሺ»፣ «ያንን አህያ አይተሽዋል?»፣ «ፍሬን ላይ አትተኚ» ሲል ነው መንገዱ የሚያልቀው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቢሆን ከከተማ ከወጣን መብራት ሳይበራ አይሆንለትም። ደባርቅ አጠገብ በእኩል የሚያሳርሰው መሬት ስላለው መንገዱን እንመላለሳለን፤ መብራቱም ሲጠፋ ሁልጊዜ እናየዋለን።

የመኪናው የራሱ መብራት ቢጫና ደካማ ነበር። መንገዱን ከማሳየት ይልቅ መንገዱ የት እንዳለ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን አራዳ ወርጄ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ሻጩ መጋረጃውን ዘግቶ አብርቶ ሲያሳየኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመግዛት በቂ ምክንያት መሰለኝ።

የገጠመልን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አባቴን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ፣ አያ እያለ የሚጠራው፣ ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር ማውራት የሚወድ ሰው ነው። አዲሱ አምፖል ከጀርባው ትንሽ ማራገቢያ ስላለው የድሮው የጎማ ሽፋን አልገባ አለው። ጎማው አምፖሉን ከኋላ በኩል ከአቧራና ከውሃ የሚከልለው ነው። ገፋው፣ ጎተተው፣ ሰደበው። ሲያቅተው አውልቆ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው።

«ይኸ እንኳ ባይኖርም ግድ የለም አያ» አለ። «ከኮፋኖ ሥር ውሃ ከወዴት ይመጣል?»

አባቴም እኔም ተስማማን። እውነት ነው፣ ከኮፋኖ ሥር ውሃ ከየት ይመጣል!

የመብራቱ ነገር የቤታችን ጭንቀት የሆነው በእማዬ ምክንያት ነው። እማዬ አዲ አርቃይ ያገባች ታላቅ እህት አለቻት። ከአንድ ማሕፀን የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመካከላቸው ወንድም ነበራቸው፤ እሱም ሹፌር ነበር። እማዬ ገና ልጅ እግር ሳለች ሊማሊሞ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። ጉም ነበር፤ መብራቱ ጠፍቶበት ነው ተባለ። በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ እማዬ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሊማሊሞን ወርዳ አታውቅም። ታዲያ ሹፌር እንዴት አገባሽ ብዬ ብጠይቃት፣ «ሲያገቡኝ ቆመው ነበር፤ ሲነዱ መች አየሁ» ብላ አለፈችኝ።

ስለዚህ መንገዱ የአክስቴ ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ከነማሯና ከነወሬዋ ወደ ጎንደር የምትወጣው እሷ ናት። እማዬ የእህቷን ቤት ደጃፍ ረግጣው አታውቅም። በኋላ መንገዱ የተዘጋበት፣ ስልኩም የጠፋበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳይታወቅ ቆየ። ሁሉ ነገር ሲከፈት አክስቴ በሕይወት አለች፤ ግን ዳሌዋን ታማ፣ በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ በሯ ብቻ የምትንቀሳቀስ ሆናለች። የመጀመሪያው ቀን ስልክ ላይ ብዙ ተላቀሱ። ከልቅሶው መጨረሻ ላይ የአክስቴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሁላችንም ዘንድ ተሰማ።

«ምነው፣ ሳላይሽ ልሙት እንዴ?»

እማዬ ስልኩን ለእኔ አቀብላ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ነጠላዋን ግን አስተካክላ ለብሳለች።

«እወርዳለሁ» አለች። «መብራቱ ግን አስተማማኝ ይሁን። መብራቱ ካልሆነ ሊማሊሞን አልወርድም። እንዳታታልሉኝ ደግሞ፣ አውቃለሁ።»

በዚያው ሳምንት ቦርሳዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ለእህቷ የገዛችው ነጠላ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንድ ብልቃጥ የወገብ ቅባት። ቦርሳው በሩ አጠገብ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ ከረመ። ስንገባ ስንወጣ ያደናቅፈን ነበር፤ አንሽው የሚላት ግን አልተገኘም።

የመጀመሪያው መጥፋት እውነተኛ ብልሽት ነበር። ሠራተኛው ግቢያችን ድረስ መጥቶ ከፍቶ አየና ማሳው ላልቶ አገኘው። ማሳ የሚሉት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው። አጥብቆ አሰረው። እማዬ ከአጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን ነገር ትከታተል ነበር።

«ከፊት ለፊት እኮ ደህና ይመስላል» አለችው።

«አይ እናቴ፣ የመብራት ችግር ሁሌም ከፊቱ አይደለም። ከጀርባው ነው» አላት።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነገር ገብቷት ራሷን ስትነቀንቅ መፍራት እንዳለብን ያኔ ልናውቅ ይገባን ነበር።

በእኛ ቤት መኪና ጠበል ሳይረጭ ከከተማ አይወጣም። ለገበያና ለሥራ ጠበል አይባክንም፤ አገር ለቀን ስንሄድ ግን እማዬ ከደብራችን ያመጣችውን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ትወጣለች። ጎማዎቹን፣ በሮቹን፣ መስታወቱን፣ ከሁሉም አስበልጣ የፊት መብራቶቹን ትረጫለች። የእግዜርን ስም እየጠራች፣ ከአፏ ሳታወጣ የወንድሟን ነገር እያሰበች እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ቆቡን አውልቆ ይቆማል። እኔ እንኳ፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ዝም የምለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ተጨመረ። «ሆዷን ክፈቱልኝ» አለች። አባቴ ኮፋኖውን አነሳላት። እማዬ ከመብራቶቹ ጀርባ ጎንበስ ብላ አንዳንድ እፍኝ ጨመረችበት። ከልብ ነው ያደረገችው፤ ችግሩ ከጀርባ ነው ተብሏላ።

መቼም ይህን የሚያነብ ሰው እስካሁን ገብቶታል። እኛ ግን አልገባንም። ጠበል የበሽታ ማስወጫ ነው፤ ከእሱ የሚመጣ በሽታ እንዳለ ማን ያስባል? ጎንደር ውስጥ ጠበል ስለማይረጭ ይበራል፤ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ስለሚረጭ፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲሰርግ ይጠፋል፤ ስንመለስ ደርቆ ይበራል። ሲጻፍ እንዲህ ቀላል ነው። ያኔ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችን ተጠርጣሪ ነበረን። የእኔ ሻጩ ነበር። የአባቴ ከዳባት ወዲያ ያለው መንገድ ነበር፤ «መንቀጥቀጡ ነው» ይላል። ሠራተኛው በየሳምንቱ ሐሳቡን ይቀይራል። ፊውዙን ቀየረ። ማብሪያውን ቀየረ። የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አደረገ። ባትሪውን ለክቶ «ባትሪሽ ሸጋ ነው» አለኝ፤ ስለ ባትሪዬ እንደዚያ የተናገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። መብራቱ እሱ ፊት ሁሌም ይበራል። እኔ ተናድጄ አንድ ቀን መኪናውን በእግሬ መታሁት፤ የታመመው እግሬ ነው።

እማዬ ከያንዳንዱ ጉዞ ስንመለስ በር ላይ ትጠብቀናለች። «በራ?» ትላለች። ሰላምታ እንኳ አይቀድመውም። «ጠፋ» ስንላት ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ግድግዳው ጠጋ ታደርገዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ጠበሉን ትንሽ ጨመር ታደርጋለች። ስትጨምር መብራቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ ቀድሞ ሲጠፋ ትጨምራለች። አክስቴም ከዚያ ማዶ በስልክ «ምነው ቀራችሁ?» ትላለች፤ እማዬም «መብራቱ ነው፣ መብራቱ እየተሠራ ነው» እያለች ትመልሳለች። አንድ ቀን አክስቴ «እኔስ አልሠራ አልሁ፣ እሱስ ይሠራ ይሆናል» ብላ ስትስቅ እማዬ አልሳቀችም።

በክረምቱ መጨረሻ ግን መብራቱ በድንገት ዳነ። ደባርቅ ደርሰን በራ። ሌላ ጊዜ ሄደን እንደገና በራ። ምን እንዳዳነው ያኔ አላወቅሁም፤ የሠራተኛው ሥራ ነው ብዬ አመሰገንኩት፤ እሱም ምስጋናውን ተቀበለ። የተለወጠ ነገር ቢኖር አባቴ አምባ ጊዮርጊስ ላይ «ቁሚ» ማለት መጀመሩ ነው። «ውሃዋን ልይላት» ይላል። ኮፋኖውን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ይቆያል፤ እኔ መሪውን ይዤ እቃጠላለሁ። ራዲያተሩ አያፈስም። ሞተሩ አይሞቅም። አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌ ሲሆኑ ሰዎች እንዲህ ናቸው ብዬ አለፍኩት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት ደግሞ። እሱ ጋቢውን እየሰበሰበ ገብቶ «ንጂ» ብቻ ይለኛል።

መብራቱ ሲጸና እማዬ ቦርሳዋን አነሳች።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት የጠበሉን ጠርሙስ ሙሉውን ከመብራቶቹ ጀርባ ጨረሰችው። ሌላ ከቤት አምጥታ ገሚሱን ደገመችው፤ የቀረውን ጉያዋ ውስጥ ያዘች። አባቴ የሆነ ነገር ሊላት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ፒካፑ አንድ ረድፍ መቀመጫ ብቻ ስለሆነ ያለው እማዬ መሐል ገባች፣ አባቴ በሩን ያዘ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አባቴ «ቁሚ» አለ።

«አንቱ ደግሞ ምን ሆኑ?» አለች እማዬ። እማዬ አባቴን የምታዘው አንቱ እያለች ነው። «ገና ሳንሄድ መቆም ምንድን ነው? ከረፈደ ጉሙ ይመጣል። ንጂ አንቺ።»

«ውሃዋን...»

«ውሃዋ ደህና ናት። ንጂ።»

ነዳሁ። አባቴን በጎን ሳየው ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። በዓል ያለፈበት ሰው ይመስል ነበር። ዳባትን አለፍን። ደባርቅ ፀሐይ ነበረች፤ መንገዱ ደርቆ አቧራው ይነሳል። እማዬ ገበያተኛውን እያየች ትንሽ ፈታ አለች፤ አንድ ሁለት ሰው በመስኮት ሰላም አለች። ከከተማው ወጥተን አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ሊማሊሞ የለም። ገደሉ ባለበት ቦታ ላይ ጉም ተደፍቷል፤ መንገዱ ጥቂት ሄዶ እዚያ ውስጥ ይገባና ያልቃል።

ቀስ ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ከፊታችን ያለው ጉም በመብራቱ ነጥቶ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ድንገት ግራጫ ሆነ። ከታች የሚወጣ ጭነት መኪና በግዙፍ ጥላው ብቅ ሲል ክላክሱን ነፋብን፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «መብራትሽን አብሪ እንጂ!» ብሎኝ አለፈ። ማብሪያው በርቷል። ጠርዝ ይዤ አቆምኩ።

 እማዬ ሁለት እጇን ቦርሳዋ ላይ ጭና ፊት ለፊቷን፣ ምንም የማይታይበትን፣ ታይ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ፣

«መልሱኝ» አለች። «እግዜርም አልፈቀደው። መልሱኝ።»

በሕይወቴ እማዬን እንደዚያ ስታንስ አይቻት አላውቅም። ቦርሳዋን ከነነጠላው፣ ከነበርበሬው መልሳ በሩ አጠገብ ስታስቀምጠው ታየኝ። ብትመለስ ዳግመኛ እንደማትነሳ አውቃለሁ፤ አክስቴም ሁለተኛ ክረምት የምትጠብቅ ሰው አይደለችም። እኔ ደግሞ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። በሩን በርግጄ ወረድኩና ኮፋኖውን አነሳሁት። አባቴ ከኋላዬ መጣ።

ሁለቱም መብራቶች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከግራው መብራት ጀርባ ካለች አንዲት ሶኬት ነው። ይህን ከሠራተኛው ጋር ክረምቱን ሙሉ ስቆም ተምሬዋለሁ። ነቀልኳት። ከውስጧ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ዝናብ አልነካንም። የጉሙ እርጥበት ነው እንዳልል፣ ከጎኗ ያለው ብረት ደረቅ ነው። የመዳብ ጥርሶቿ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል፤ የአንድ ቀን ዝገት አይደለም። ከፍ ብዬ ሳይ ደግሞ ከመብራቱ ጀርባ፣ ሠራተኛው ያወለቀው የጎማ ሽፋን በነበረበት ባዶ ቦታ ዙሪያ፣ ውሃ እየደረቀ የሚተወው ነጭ ምልክት በየረድፉ ተሠርቷል። የአንድ ክረምት ጉዞ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

ገባኝ። ጠበሉ ነው። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል፤ እማዬ እዚያው ከኮፋኖው ጀርባ ተቀምጣለች፣ ድምፄ ደግሞ ጎረቤት ያስነሳል። አባቴ እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «አውቃለሁ። ካወቅሁ ሰንብቻለሁ።»

«ከመቼ?»

«አንዴ እንዲሁ ከፍቸ አገኘሁት። አምባ ጊዮርጊስ ስቆምስ ምን የማደርግ መሰለሽ?»

ጋቢውን አየሁት። የአንዱ ጫፍ ጥለት በቅባት ጠቁሯል፣ አረንጓዴ ነገርም ነካክቶታል። በየጉዞው፣ በዚያ ብርድ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ሳጉረመርምበት፣ ይህችን ሶኬት በጋቢው ሲያደርቅ ነበር።

«ለምን አትነግረኝም ታዲያ?»

«ላንቺ መንገር ለእሷ መንገር ነው» አለ ሳይቆጣ። «ይኸን ብትሰማ ምን ትሆናለች? ወንድሟን መብራት ቀማት፤ ጠበሉን የምታፈሰው እኛን እንዳይቀማት ነው። አንቺው አጠፋሽው ልበላት? ምን ልትይዝ ነው ከዚያ ወዲያ? ጠበሉ ምንም አላጠፋ። ያችን ጎማ ነው ማውለቅ ያልነበረብን።»

  ጉሙ ውስጥ ቆሜ፣ ዕድሜ ልኬን መሪ ላይ እንጂ ሰው ላይ ረጋ ማለት አይችልም የምለውን አባቴን እያየሁ ወደድኩት። ሌላ ቃል የለውም፤ ወደድኩት።

ሶኬቷን እፍ እያለ በጋቢው ጫፍ ውስጧን ጠረገ። ጥርሶቿን በቢላዋ ጫፍ ፋቀፋቀ። ዓይኑ ስለማያይለት በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚሠራው። እኔ የዳቦ ፌስታል ፈልጌ አመጣሁ፣ ሰክተን ከላይ ጠቅልለን በፕላስተር አሰርነው። ገብቼ ማብሪያውን ስነካ ጉሙ ነጭ ሆነ። አባቴ ኮፋኖውን ከመዝጋቱ በፊት፣ ለሦስት ሰው የማያስፈልግ ድምፅ አውጥቶ ጮኸ።

«ማሳው ነው! ማሳው ላልቶ ነው! አሁን ጠበቀ!»

በዚህ ዕድሜው መዋሸት እንኳ አልለመደም፤ ጆሮው ቀልቶ ነው የገባው። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችን። ከዚያ የተረፈውን ጠርሙስ ከጉያዋ አወጣች።  ወርዳ እንደገና ክፈቱልኝ ብትል ምን ይባላል? እሷ ግን ክዳኑን ከፍታ በመዳፏ ቀዳችና ግንባሬን፣ ዓይኖቼን፣ መሪውን የያዙትን እጆቼን አራሰችኝ።

«በይ ንጂ» አለች።

ወረድን። ያንን ቁልቁለት የነዳው አባቴ ነው፤ የእኔ እጅና እግር ብቻ ነው። «አሁን ቀኝ። ቀስ በይ። አሁን ታጠፊ፣ ሰፊ ነው አትፍሪ።» ከጉሙ ውስጥ አንዲት ኩርባ ሳትወጣ በፊት ያውቃታል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በመካከል ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠየቀችው።

«እሱ የወደቀበት ስንደርስ ይንገሩኝ።»

አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«አልፈነዋል» አላት።

እማዬ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ረጅም ጊዜ። ጉሙ ከላያችን ቀርቶ የዛሪማ ቆላ ሙቀት በመስኮት ሲገባ እንባዋን ጠርጋ «ይኸ ሁሉ አገር እዚህ ነበር እንዴ?» አለች። አዲ አርቃይ ስንገባ አክስቴ ምርኩዟን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ከበሯ ወዲህ አትወጣም የተባለችው ሴት እስከ መንገዱ ዳር መጣች። ሁለቱ የተባባሉትን አልጽፍም፤ ብዙም የተባባሉት ነገር አልነበረም። ተያይዘው ቆሙ፣ እኔና አባቴ ቦርሳውን ተሸክመን ተጎልተን ቀረን።

ጥቂት ቀን ሰነበትን። ለመመለስ ስንነሳ አባቴ ጭነቱን በገመድ ያስራል፣ እኔ የጎማውን ንፋስ አያለሁ። አክስቴ ከቤት ወጣች። በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በአንድ እጇ የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። እሷም የዚያው ወንድም እህት ናት፤ በቀጥታ ወደ ፊት መብራቶቹ ሄደች።

«ይችን ሆዷን ክፈቱልኝ» አለች፤ እማዬ ክረምቱን በስልክ ነግራት ኖሯል።

እኔ ደነገጥኩ። አባቴም ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ከሁላችን የቀደመችው እማዬ ናት። ሮጣ ማለት እችላለሁ፤ ሄዳ ከመኪናው ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«ተይ እትዬ! መብራቱን ተይው። እሱ ውሃ አይችልም። ክረምቱን ሙሉ እያጠፋሁ ያስቸገርኋቸው እኔ ነኝ። ለልጅቱ አድርጊላት።»

ከጭነቱ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። አባቴ አላነሳውም።

«መቼ አወቅሽ?» አላት።

«ኮፋኖው ሲነሳ ከሥሩ ክፍተት አለቻ፣ ከመስታወቱ ፊት። በጋቢዎ ሲያደርቁት በሷ አየሁ። ማሳው ነው ብለው ሲጮሁም ሰማሁ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «መልሱኝ ብዬ ነበር እኮ። እንዲያ ሲዋሹልኝ ነው የወረድሁት። መብራቱማ ይጠፋል፤ የሰው ሥራ ነው። ሲጠፋ ወርዶ የሚያደርቀው ካለ ምን አስፈራኝ?»

አባቴ ፊቱን ወደ ገመዱ መለሰ። ገመዱ ግን ታስሮ ያለቀ ነበር።

አክስቴ ነገሩ ባይገባትም ጠርሙሱን ሙሉውን እኔ ላይ ገለበጠችው። ውሃው በአንገቴ ወደ ጀርባዬ ወረደ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እንደዚያው ርሼ ገብቼ ማብሪያውን ነካሁት። ሁለቱም በሩ።